በቃል የተሰጠ ፈቃድ

«እናቴ ትፈርማለች አልኩህ እኮ። ምን እንደምትፈርም ስለማይገባት እሱን አታስብ።»

መድኃኒት ቀማሚዋ ይህን የሰማችው ወጥ ቤት ቆማ ለቁርስ ዳቦ ስትቆርጥ ነው። ልጇ መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ድምፄን ይሸፍንልኛል ብላ ቧንቧውን ከፍታ፣ በስልክ ታወራ ነበር። ያደገችበት ቤት ሆኖ ሳለ፣ ሁለቱን ክፍሎች የሚለየው ግድግዳ ኮምፔርሳቶ መሆኑን፣ ሹክሹክታ እንኳ እንደማያስቀር ረስታዋለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን አይሰማም ለማለት። የእሷ ጆሮ የዚያን ጠዋት ባዳ መሆን አልሆነለትም። ቢላዋውን ከዳቦው መሃል ሳታወጣ ጥቂት ቆመች። ውሃው ይፈሳል፤ በስልክ የሚያናግራት ሰው የሚለው አይሰማም፤ ልጇ ግን ሁለት ጊዜ ሳቅ ብላ «ሠላሳ ዓመት መድኃኒት ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት፤ ስለ ኮድ ምን ታውቃለች» አለች። እናት ዳቦውን ቆርጣ ጨረሰች። ሻዩን ቀዳች። ቧንቧው ሲዘጋ፣ ማር የምትወድ ልጅ ናትና ማሩን ከቁም ሳጥን አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

ልጇ ሚጣ የመጣችው ትናንት ማታ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ባንኮችና ሆስፒታሎች የሚጠቀሙባቸውን ፕሮግራሞች በሚሠራ ኩባንያ ውስጥ ስድስት ሰዎች ታዛለች፤ እቤት ግን ሚጣ ናት። አባቷ ከሞተ ወዲህ ባሉት አሥራ አራት ወራት ውስጥ እናቷ ዘንድ ስታድር ይህ ሦስተኛዋ ነው። ኪሎው የሳምንት አስቤዛ የሚሸፍን ወይን ይዛ ገባች። በላይ በላዩ ስለ ጤና፣ ስለ ጉልበቷ ሕመም፣ የቤት ኪራዩ ስለ መጨመሩ ጠየቀቻት፤ ሳህን ላጥባለሁ ብላም ታገለቻት። በመጨረሻ፣ መብራቱን ሊያጠፉ ሲሉ፣ ከአባዬ ውርስ ጋር የተያያዘች አንዲት ትንሽ ፊርማ አለች፣ ነገ አራት ሰዓት መሥሪያ ቤቴ ብቅ ብለን እንጨርሳት፣ ከዚያ ምሳ እጋብዝሻለሁ አለቻት። እናት ደስ ብሏት ለመድኃኒት ቤቱ ደውላ የግማሽ ቀን ፈቃድ ወሰደች፤ ግራጫ ቀሚሷንም ተኮሰች። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው አሁን፣ ዳቦው ላይ፣ ትዝ አላት።

ቁርሱን ሲበሉ፣ ሚጣ ዳቦው ጥሩ ነው፣ የት ነው የገዛሽው አለች። እናት ጥጉ ላይ ካለው ዳቦ ቤት ነው፣ ዋጋውን ሳይጨምሩ መጠኑን ቀንሰውታል አለች። ሚጣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው አለች። የጓዳው ክፍል በር ገርበብ ብሎ ነበር፤ ሁለቱም ወደዚያ አላዩም። በዚያ ክፍል ውስጥ ባሏ ሃያ ዓመት ሲሠራ ኖሯል። አንድ ጠረጴዛ፣ አንዱ እግሩ በመጽሐፍ የተደገፈ፣ ሁለት ኮምፒውተር፣ ፀሐይ የበላው መጋረጃና ትራስ የታሰረበት ወንበር አለ። ከሞተ በኋላ አቧራውን ትጠርጋለች እንጂ ምንም አላነሣችም።

ሥራውን ሲያስረዳት ሁልጊዜ በቤት ነበር የሚመስልላት። አንድ ትልቅ ኮምፒውተር አለ እንበል፣ ይላት ነበር፤ እሱን ክፍል ክፍል አድርጎ ለብዙዎች የሚያከራይ ፕሮግራም አለ፤ ሃይፐርቫይዘር ይባላል። ተከራዮቹ እያንዳንዳቸው የሙሉ ማሽን ባለቤት የሆኑ ይመስላቸዋል፤ ከግድግዳው ወዲያ ሌላ ሰው እንዳለ አያውቁም። እሷ እንግዲያ ከእኛ ይሻላሉ፣ የኛ አከራይ ተከራይ መሆናችንን አንድ ቀን እንኳ እንድንረሳው አልፈቀደልንም ብላ አስቃው ነበር። ይህ ፕሮግራም፣ እንደ አከራይ፣ ሲያሻው አንዱን ተከራይ ያስተኛዋል፣ ለአንድ ሰዓትም ይሁን ለአንድ ወር። ሲቀሰቅሰው ግን የተኛው ስንት ጊዜ እንደተኛ አያውቅም፤ ሰዓቱ በተኛበት ላይ ቆሟል፤ ይህን ያህል ጊዜ አልፏል ብሎ የሚነግረው ያስፈልገዋል። ባሏ የመጨረሻዎቹን ስድስት ዓመታት የፈጀው ይህን የሚናገረውን የፕሮግራሙን ክፍል ሲጽፍ ነው፤ ሰባት ፋይል።

እንዲህ ያለውን ሥራ ሸጠው ፎቅ የሠሩ ነበሩ። እሱ ለሁሉም ክፍት በሆነ፣ በዓለም ዙሪያ ያሉ በጎ ፈቃደኞች በሚያሳድጉት ሥርዓት ውስጥ ነው የሠራው። በእያንዳንዱ ፋይል ራስ ላይ ስሙንና ዓመቱን ይጽፍና ከሥሩ አንድ አንቀጽ ያኖራል፦ ማንም ይውሰደው፣ ይለውጠው፣ ሸጦም ይብላበት፤ ለሌላ ሲያስተላልፍ ግን ምንጩን፣ ማለት ሰው አንብቦ ሊያርመው የሚችለውን ጽሑፍ፣ ሳይደብቅ እሱ በተቀበለበት ውል ያስተላልፍ፤ የሠራውንም ሰው ስም አይፋቅ። አሁን ሚጣ የምትሠራበት ኩባንያ ሁለት ጊዜ እቤት ድረስ ሰው ልኮ፣ ለእኛ ብቻ ስጠንና ዘግተን እንጠቀምበት ብሎት ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ሻይ አጠጥቶ ሸኛቸው። ጣሪያው ባፈሰሰበት ዓመት እሷም አኩርፋዋለች፤ ምንጭ ዳር ቤት ሠርተን ውሃ ጠማን ብላዋለች። እሱ ባልዲውን ከሚያንጠባጥበው ሥር እያስተካከለ፣ «የሰጠሁትን እንዴት እሸጠዋለሁ?» ነበር ያላት። ከዚያ ወዲያ አላነሣችበትም።

በታክሲው ውስጥ ሚጣ ስልኳን አገላብጣ ጭኗ ላይ አድርጋ በመስኮት ታያለች። ጥፍሮቿን እንደ ልጅነቷ በልታቸዋለች። ጠዋት የሰማችውን ለመናገር ሁለት ጊዜ አፏን ከፈተች፤ አንዴ ሹፌሩ ስለ መንገዱ መዘጋት ጠየቃቸው፣ አንዴ ራሷ ተወችው። ምናልባት ተጨንቃ ነው፣ ምናልባት አለቆቿ አስጨንቀዋት ነው አለች በሆዷ። የእናት ሆድ ምክንያት አያጣም።

ኩባንያው ስምንተኛ ፎቅ ላይ ነው። ያስገቧቸው ክፍል ግድግዳው ሁሉ መስታወት ነው፤ ውጭ የሚያልፈው ሁሉ ያያቸዋል፣ አንዱም ግን ቀና ብሎ አላያቸውም። የሕግ ክፍሉ ጠበቃ ከሚጣ ብዙ የማይበልጥ፣ ጫማው የሚያበራ ወጣት ነው። እትዬ እንኳን ደህና መጡ፣ ባለቤትዎን ሁላችንም እናከብራቸው ነበር አለ፤ አይቷቸው እንደማያውቅ ከአነጋገሩ ያስታውቃል። አራት ገጽ ወረቀት ከፊቷ ዘረጋ። የምትፈርምበት ቦታ ላይ ቢጫ ቀስት ተለጥፏል፤ የእስክሪብቶው ክዳን ተከፍቷል። ለወጉ ያህል ነው፣ ማንበቡ ያደክምዎታል፣ ዋናው እዚህች ጋ ነው ብሎ ቀስቱን አሳያት። እናት ቦርሳዋን ከፍታ መነጽሯን አወጣች።

መድኃኒት ከመደርደሪያ ሲነሣ ይነበባል፣ ሲለካ ይነበባል፣ ለበሽተኛው ሲሰጥ ይነበባል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድም ብልቃጥ ሦስት ጊዜ ሳይነበብ ከእጇ አልወጣም፤ ወረፋው መንገድ ድረስ ተሰልፎ ሰው ሲያጉረመርም እንኳ። ወረቀቱንም እንደዚያው ያዘችው። መጀመሪያ ዳር እስከ ዳር አነበበች። ጠበቃው ሰዓቱን አየ። ከመጀመሪያው ጀመረች። ጠበቃው ውሃ ይምጣልዎት አላት፤ አመሰገነችው፤ ሚጣ ያልጠጣችውን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ ታሽከረክራለች። በሁለተኛው ንባብ ነገሩ ገባት። ባሏ ሰባቱን ፋይሎች ኩባንያው ያለ ምንም ግዴታ፣ ምንጩን ዘግቶ እንዲጠቀምባቸው ፈቅዷል፤ ስሙ ከፋይሎቹ ራስ ላይ እንዲነሣም ተስማምቷል፤ ፈቃዱን የሰጠው በቃል ነው፤ እኔ ባለቤቱና ወራሹ ቃሉን በጆሮዬ ሰምቻለሁ ይላል። ሦስተኛውን ጊዜ ስታነብ ፈቃዱ ተሰጠ የተባለበት ቀን ላይ ቆመች። መጋቢት አሥራ ሰባት።

አሥራ ሰባት ማክሰኞ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓርብ፣ መተንፈስ ቢያቅተው፣ ሐኪሞቹ ጉሮሮውን በስተው ቱቦ አስገብተውለታል። ከዚያች ዓርብ ጀምሮ ነፍሱ እስከወጣችበት ቀን፣ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ፣ አንድ ቃል ከአፉ አልወጣም። ይህን ነርሶቹ ያውቃሉ፣ ከጎኑ የተኛው ሽማግሌ ያውቅ ነበር፣ ቀንና ሌሊት ወንበር ላይ የዋለችው እሷ ታውቃለች። ሚጣ ግን አታውቅም። ኩባንያው አዲስ ሥራ የሚያስረክብበት ሳምንት ነው ብላ ቀርታ፣ ከዓርቡ በፊት አንዴ ደርሳ ፒጃማውን ከቤት ካመጣችለት በኋላ፣ የመጣችው በሃያ አንድ ነው፤ ያኔ እሱ ዓይኑን ገልጦ ሰው አይለይም፤ ቱቦውም ገና ትናንት የገባ መስሏት ነበር። ያልነበረ ሰው ብቻ ነው እንዲህ ያለ ቀን የሚመርጠው።

ይቅርታ፣ መታጠቢያ ቤት ብላ ተነሣች። አልሄደችበትም። ወደ ደረጃው ወጥታ፣ በስምንተኛውና በሰባተኛው ፎቅ መሃል፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲና መጥረጊያ ካኖረችበት አጠገብ ቆማ፣ መነኩሴው ጋ ደወለች። መነኩሴው የባሏ የሥራ ጓደኛ ነው፤ ቅጽል ስሙን ያወጣለት ባሏ ነው፣ ስድስት ኮምፒውተርና አንድ ሳህን ይዞ ብቻውን ስለሚኖር። ክፍት የሆነውን ሥራ ከባሏ በኋላ የሚጠብቀው እሱ ነው። ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳትናገር ነገሩ ገባው። የጋሼን ፋይሎች ከውሉ ውጭ ተጠቅማችኋል ብዬ ለኩባንያው ከሁለት ሳምንት በፊት የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ለእርስዎ ለመንገር ግን አፍሬ ነው አላት። ከኩባንያው ደንበኞች አንዱ፣ ከሃያ አራት ቀን በላይ ያስተኛሁት ማሽን ሲነቃ ሰዓቱ ወደ ኋላ ሄደ ብሎ በአደባባይ ሲያማርር አንብቦ ነው የነቃው።

«ያ ስህተት የጋሼ ነው፣ እትዬ» አለ መነኩሴው። «ተማሪ ትክክለኛውን መልስ ቢቀዳ ማን ያውቅበታል? የሚያስይዘው ስህተቱን ሲቀዳ ነው። ጋሼ ለሕዝብ ያወጡት የታረመውን ነው። ስህተቱ ያለበት ረቂቃቸው ላይ ብቻ ነው፤ ረቂቁን ደግሞ ከሁለት ቦታ በቀር የትም አያገኙትም። አንዱ እኔ ዘንድ ነው፤ ስህተቱን ያገኘሁላቸውም እኔ ነኝ፣ ምንኩስና ዓይን ያጠራል እያሉ አንድ ሳምንት ሙሉ ሳቁብኝ። ከእኔ አልወጣም።»

«ሁለተኛውስ?»

የሁለተኛውን ቦታ ጠረጴዛ እግር በመጽሐፍ የደገፈችው ራሷ ናት። ባልዲው ውስጥ ያለው ውሃ ላይ የመብራቱ ነጸብራቅ ይወዛወዛል። ፒጃማው ትዝ አላት። የዚያን ቀን ሚጣ ከቤት ይዛው ስትመጣ ሦስት ሰዓት ያህል ዘግይታ ነበር፤ እናት መንገዱ ተዘጋግቶባት ይሆናል ብላ አዝናላት፣ አመስግናም ስማታለች።

መነኩሴው ቀስ ብሎ ቀጠለ። ክስ የሚፈልግ የለም፤ ውሉ ራሱ ለተሳሳተ ሠላሳ ቀን ይሰጣል፤ ሰባቱን ፋይሎች ይክፈቱ፣ የጋሼን ስም ወደነበረበት ይመልሱ፣ በዚያው ያበቃል። እርስዎ ከፈረሙ ግን ራሳቸው ፈቅደዋል ይላሉ፤ እኛም ከሙት ቃል ጋር አንሟገትም፤ የጋሼ ሥራ ተዘግቶ ይቀራል። እሷ የወሰደው ሰውስ ምን ይሆናል ብላ ጠየቀችው። እኛ ማን እንደሆነ አልጠየቅንም፣ አንጠይቅምም አላት። እግዜር ይስጥልኝ ብላ ዘጋችው።

ስትመለስ ጠበቃው ተነሥቶ ወንበር ሳበላት። ይህን ቀን ማን ሰጣችሁ ብላ ጠየቀችው። ፋይላችን ላይ ያለ ነው አለ። ሚጣ ብርጭቆውን ማሽከርከር ተወች። እናት ባልፈርምስ አለችው። ጠበቃው ወረቀቶቹን ጠርዝ ለጠርዝ ገጠማቸው፤ ይህ ለኩባንያው ትልቅ ችግር አይደለም፣ አንዳንድ ነገር ይከፍታል፣ ያልፋል አለ። ችግሩ፣ እትዬ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲከፈት መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን አስገባው ነው። እንዲህ ያለ ስም የወጣበት ሰው እዚህ ብቻ አይደለም፣ በዚህ ሙያ የትም አይቀጠርም። ይህን ሁሉ ሲናገር አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ሚጣ አላየም፤ ባለማየቱ ጣቱን ከመቀሰር በላይ አሳያት።

እጇ ወደ እስክሪብቶው ሄደ። ይህን አትክድም። ሙት እንጀራ አይፈልግም፣ ስም አይፈልግም፤ ልጅቷ ግን በሕይወት አለች፣ ጥፍሯን እየበላች አጠገቧ ተቀምጣለች። እሱ ራሱ ቢሆን፣ ለኩባንያው ያልሰጠውን ለሚጣ ይከለክላት ነበር? ይህንን መልሳ መላልሳ አሰበችው። አንድ ፊርማ ነው፤ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ስንት ሺህ ፈርማለች። ወረቀቱ ይቅር በዪ ቢላት ኖሮ፣ ዝም በዪ ቢላት እንኳ፣ ሳታነበው በፈረመች። የጠየቃት ግን ሌላ ነው። ያን ማክሰኞ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አየር ብቻ ከቱቦው ሲወጣ ያየችውን ሰው፣ ተናገረ በዪ ነው የሚላት። ድምፁ እንዲመለስ በዚያ ሁሉ ቀን ያልለመነችው ያልተሳለችው የለም። ለእሷ ያልመጣ ድምፅ ለዚህ ወረቀት መጣ ብላ መፈረም አልቻለችም።

ቀኑ ካለበት መስመር ጎን፣ በባዶው ኅዳግ ላይ፣ የመድኃኒት አወሳሰድ በምትጽፍበት ግልጽ እጅ ጽሑፍ፣ «በዚህ ቀን ባለቤቴ መናገር አይችልም ነበር» ብላ ጻፈች። ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር እስከ እስክሪብቶው ጫፍ መጣላት፤ ልጃችንም አልነበረችም የሚል። አልጻፈችውም። ከመጀመሪያው ሥር ፈርማ፣ ቀን አስቀምጣ፣ ወረቀቱን ወደ ጠበቃው መለሰችለት።

ጠበቃው አንብቦ ፊቱ አልተለወጠም። ይህ ለምንም አይጠቅመንም እትዬ፣ ሌላ ኮፒ ላስወጣ አለ። ሚጣ እጇን ሰድዳ ወረቀቱን ከፊቱ ሳበችው። አነበበችው። መልሳ አነበበችው፤ አንድ መስመር ነው፣ ግን ረጅም ጊዜ ወሰደባት።

«አይችልም ነበር?» አለች።

«አይችልም ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአሥራ ሦስት። ከዓርብ።»

ሚጣ በጣቶቿ ቆጠረች፣ እንደ ልጅ፣ ከጠረጴዛው በታች። አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። በእነዚያ ቀናት ሁለት ጊዜ ደውላ አባዬን አገናኚኝ ብላት ነበር፤ እናት አሁን አረፍ ብሏል ትላታለች። ትጨነቃለች ብላ ነው፤ ሥራዋን ትጨርስ ብላ። እናት ይህን ወንበሩ ላይ ሆና አስታወሰችው፤ ሚጣም እንዳስታወሰችው ከፊቷ ላይ አየች። መስታወቱን አልፈው ሁለት ሰዎች እየተሳሳቁ ሄዱ።

«ቀኑን የሰጠኋችሁ እኔ ነኝ» አለች ሚጣ ወደ ጠበቃው ዞራ። «ፋይሎቹንም ከአባቴ ኮምፒውተር ላይ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ስሙን የፋቅኩት እኔ ነኝ። ሰባቱም ላይ።»

ጠበቃው ይህን ባትነግሪኝ ይሻል ነበር አላት፤ ይህን ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው ተናገረ። ወረቀቱን አቃፊው ውስጥ ከተተ። ከዚያ የመግቢያ ካርዷን ጠየቃት። ሚጣ ከአንገቷ ስታወልቀው ገመዱ ጆሮ ጌጧ ላይ ተያዘ፤ እናት ተነሥታ አላቀቀችላት።

ምሳ አልበሉም። ከሕንፃው ወጥተው፣ ፀሐይ በአናት በቆመበት ሰዓት፣ የአውቶቡስ ፌርማታው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። አጠገባቸው አንዲት ሴትዮ ካልሲ ዘርግታ ትሸጣለች፤ ሦስቱን በሁለቱ ዋጋ ትላለች ላለፈ ላገደመው። ሚጣ ሳትጠየቅ መናገር ጀመረች፤ ለእናቷ ሳይሆን ለመንገዱ የምትነግር ይመስል ነበር። ስምንት ወር ሙሉ እሷና ስድስቱ ሠራተኞቿ ተኝቶ የሚነቃውን ማሽን ሰዓት ማስተካከል አቅቷቸው ነበር። ማስረከቢያው ደርሷል፤ ከዚያ በኋላ ቡድኑ ይበተናል ተብሏል። ፒጃማውን ልታመጣ ስትገባ የጓዳው ኮምፒውተር እንደበራ ነው፤ የይለፍ ቃሉን ድሮ ተማሪ ሆና ያወጣችለት እሷ ናት፣ እስከዚያም ቀን አልለወጠውም ነበር። ለሕዝብ የወጣውን ብትወስድ ይታወቅባታል፤ ያልወጣውን ብትወስድ ማንም አያውቀውም ብላ ረቂቁን ወሰደች። ስህተት እንዳለበት እንኳ አላየችም። እንዴት ታያለች፤ የአባቷ ሥራ ነው፣ አላጣራችውም።

«ሲድን እነግረዋለሁ ብዬ ነበር» አለች። «ይድናል ብዬ ነበር እኮ እማዬ። ይቆጣኛል፣ ከዚያ ራሱ ያስተካክልልኛል ብዬ።»

ኩባንያው ነገም ሆነ ከነገ ወዲያ ሰባቱን ፋይሎች ይከፍታል፤ የባሏ ስም ወደ ቦታው ይመለሳል፤ የልጇም ስም በሌላ ቦታ ይጻፋል። ሁለቱን አንድ ቀን ላይ ያገናኘቻቸው የእናት እጅ ናት። ትክክል ነው ብላ ታምናለች፤ ማመኗ ግን አላሳረፋትም። ቦርሳዋን ከፍታ መሐረብ ሰጠቻት፤ ሚጣ ይዛው ተቀመጠች እንጂ አልተጠቀመችበትም። ጠዋት የሰማችውን፣ የቧንቧውንና የስልኩን ነገር፣ ልትነግራት አሰበችና ተወችው። ከእንግዲህ ለማን ይጠቅማል።

ካልሲ ሻጯ ጥላው ስለሸሻት ዕቃዋን ወደ እነሱ አስጠጋች። ሚጣ አንገቷን ሳታዞር፣ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ፣

«አባዬ ያን ማክሰኞ ምን ሲያደርግ ዋለ?» አለች።

ያን ማክሰኞ ባሏ ከጠዋት እስከ ማታ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ነው የዋለው። ነርሷ ወደ ግድግዳው ብታገላብጠው በምልክት መልሱኝ አለ። በባዶ የመድኃኒት ካርቶን ጀርባ ላይ፣ በእርሳስ «መጣች?» ብሎ ጻፈ። መንገድ ላይ ናት አለችው። ከሰዓት በኋላ እንደ አዲስ መጻፉ ቢደክመው፣ የጻፈውን ቃል በእርሳሱ ጫፍ መታ መታ አድርጎ ያሳያት ጀመር። አምስት ጊዜ ጠየቃት። አምስቱንም ጊዜ መንገድ ላይ ናት አለችው። በመጨረሻ እርሳሱን እጇ ላይ አኑሮላት፣ ዓይኑን ከበሩ ሳይነቅል ቀረ።

«ተኝቶ ዋለ» አለቻት። «ምንም አላወቀም።»

ሚጣ ራሷን ነቀነቀች። አውቶቡሱ መጣ፣ በሩን ከፈተ፤ ሁለቱም አልተነሡም።